በፈረሰ ቤት ደጃፍ የተነፋ ጡሩምባ

ለውድ አባቴ ለአቶ ላጲሶ፤

የጌታ ሰላም ከደጃፍዎ አይራቅ። እንዴት ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ ጠናብዎት ወይስ ጋቢውን ደርበው ቻሉት? ዓይንዎስ? መነጽሩ ይቺን ጽሑፍ ያሳይዎታል ወይስ እንደ ባለፈው ወንድሜ እዝራ እያነበበልዎ የሰለቸውን ቦታ ዘሎት ያልፋል? እዝራ፣ ጮክ ብለህ የምታነበው አንተ ከሆንክ አንድ ቃል እንዳታስቀር፤ ስመጣ እጠይቃለሁ። እንሰቱ፣ ላሞቹ፣ ጎረቤቱ፣ የጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው አልለቅ ያለኝ፣ እሱ ደግሞ ኪኒን የለውም።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት ዋናውን ልናገር። እማዬ ደህና ናት። እንቅርቱ ወጥቶላታል፣ ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች። እሷ መቆጣት ከጀመረች ድናለች ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ይኼን ስጽፍ እዚሁ ሲኤምሲ ቤቴ ሶፋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣ፣ ‘ምን ምን እያልሽ ነው የምትጽፊለት?’ ትለኛለች። የምትለኝ በሹክሹክታ ነው፤ ድምፅዋ ገና አልተመለሰም። ሐኪሙ ይመለሳል፣ ጊዜ ስጡት ብሎናል።

በስልክ እኔና እርስዎ እንደማንግባባ የታወቀ ነው። እኔ እጮሃለሁ፣ እርስዎ ‘ሃ?’ ይላሉ፤ ከእርስዎ በቀር ሠፈሩ ሁሉ ይሰማኛል። እዝራ እንደነገረኝ፣ እማዬ ኦፕራሲዮን ክፍል ሁለት ጊዜ መግባቷ ብቻ ጆሮዎ ደርሶ፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስም ብለዋል። ‘ሞታለች፤ እኔን ነው የምትሸነግሉት’ ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል አሉ። አልሞተችም አባዬ። የሸነገለዎትም የለም። የጸሎት ቤታችን ሰው ማሞ ነገ ወደ ሆሳዕና ስለሚወርድ የሆነውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ጽፌ በእሱ እሰድልዎታለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ደግሞም የእኔን ሥራ ካላስረዳሁ የእማዬ መዳን አይገባዎትም። ስለዚህ ይታገሱኝ።

‘ሥራሽ ምንድን ነው?’ ባሉኝ ቁጥር ‘ኮምፒውተር’ ብዬ አልፋለሁ። እርስዎም ለሰው ‘ቦሌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች’ ይላሉ፤ እንቁላል የታቀፍኩ ዶሮ ያስመስሉኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስረድቼዎት አላውቅም። አትላስ ያለው ቢሯችን ለሆስፒታሎች ፕሮግራም ይሠራል። ከሠራናቸው አንዱ የአልጋ ደወል ነው። ታማሚው አልጋው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ይጫናል፤ በነርሷ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን ላይ የአልጋው ቁጥርና የሰውየው ስም ብልጭ ብሎ ይጮኻል። ነርሷ ትነሳለች። ሥራው ይኼው ነው፤ ሲወራ ቀላል ነው።

ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ታማሚ ስሙ የተጻፈበት ካርድ አለው። ካርዱ ሰውየው ሲተኛ ይወለዳል፣ ሲወጣ ይሞታል። እኛ ኦብጀክት የምንለው እሱን ነው። ቁልፉ ሲነካ የሚወጣው ጥሪ ደግሞ ሲግናል ይባላል። ካርዱ ሲወለድ አንድ መልእክተኛ ቁልፉ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ‘ስትነካ ይኼ ልጅ ሮጦ ወደ እኔ ይምጣ’ ይለዋል። መልእክተኛው ስም የለውም፣ በእኛ ቋንቋ ላምዳ ነው የሚባለው። እዚያው በቆምንበት በአንድ መስመር የምንጽፈው ትንሽ ትእዛዝ ነው። ስም ባይኖረውም ኪስ አለው፤ ሲላክ የሚያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል። የእኛ መልእክተኛ ኪሱ ውስጥ የያዘው የካርዱን አድራሻ ነበር። ካርዱን ራሱን አይደለም፤ አድራሻውን ብቻ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የእድሩን ጡሩምባ ይዘው በሚዞሩበት ዘመን ያ ባለወፍጮ ሰውዬ ለእድሩ ትንፍሽ ሳይል ቤቱን ሸጦ ሻሸመኔ ገባ። ማንም አልነገረዎትም። ጎህ ሳይቀድ እንደ ልማድዎ ደጃፉ ላይ ቆመው ነፉ። ቤቱ ፈርሷል፤ ቦታውን የገዛው ሌላ ሰው አጥሮ ውሻ ለቆበታል። ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። እማዬም ‘ሰው ለቀብር ሊጠራ ሄዶ ራሱ ሊቀበር’ እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብዎታለች።

የእኛም መልእክተኛ ያደረገው ይኼንኑ ነው። ካርዱ ፈርሷል፣ ለእሱ ግን የነገረው የለም። ቁልፉ ሲነካ አሮጌ አድራሻውን ይዞ ይሮጣል። ቦታውን ሌላ ነገር ይዞት ከሆነ ውሻው ይነክሰዋል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ በሙሉ ይሞታል፣ የአንዱ አልጋ ደወል ብቻ ሳይሆን የክፍሉ ሁሉ ደወል ዝም ይላል። ቦታው ገና ካልተያዘ ደግሞ ምንም ሳይሆን ይመለሳል። ክፋቱም ይኼ ነው አባዬ። ቶሎ የሚነክስ ቢሆን ድሮ እናገኘው ነበር። እኛ ስንሞክረው ግን አልነከሰም፣ ደህና ነው ብለን ለሆስፒታሉ አስረከብን።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። ማክሰኞ ገብታ ተኛች፤ ኦፕራሲዮኑ ለሐሙስ ነበር የተቀጠረው። ሆስፒታሉ ከገርጂ ብዙ አይርቅም፣ ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። የሰጧት መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ነበር። ከእሷ ማዶ፣ በሩ አጠገብ፣ ወይዘሮ ሀጀር የሚባሉ የቡታጅራ ሴት ተኝተዋል፤ የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው እያገገሙ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጠያቂው እግራቸውን እየገጨ ያልፋል፣ ሶላታቸውንም እንደ ልባቸው መስገድ አልቻሉም። እማዬ ይኼን አይታ ምን የምታደርግ ይመስልዎታል? ፍራሿን ገና ሳታሞቀው ተነሳች። ‘አንቺ ተቀደሽ የተሰፋሽ ነሽ፣ እኔ ገና አልታረድኩም፤ ነይ እዚህ ተኚ’ አለቻቸው። ወይዘሮ ሀጀር እምቢ አሉ፣ እሷ በእግዜር አለች፣ እሳቸው በአላህ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ያው እማዬ አሸነፈች። ቦርሳና ፔርሙዛቸውን ይዘው ተቀያየሩ። ሲስተር ማኅደር የምትባለው ነርስም እየሳቀች የሁለቱን ካርድ ዘግታ በአዲሱ አልጋቸው እንደገና ከፈተችላቸው። ማድረግ የሚገባትም እሱን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሀጀር ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪኑ ድርግም አለ። ለማንም ሳይጮህ፣ ለማንም ሳይናገር ጠፋ። ልጃቸው ሳና ሙቅ ውኃ ልትጠይቅ ወጥታ ነው ጥቁር ሆኖ ያገኘችው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ተጭኖ ስንቱ እንደጠበቀ እንጃ፤ ጌታ ይመስገን የተጎዳ ሰው አልነበረም። እኔ ዘንድ ስልክ የደወለችው ማን መሰለችዎት? እራሷ እማዬ። ‘ይኼ የእናንተ ደወል ነው አይደል? ሞቷል’ አለችኝ። እንዲሁ በቀልድ ነበር ያለችኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ለምን መሰለዎት፤ በዚያው ጠዋት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ላይኖረው ይችላል አለኝ። አልፎ አልፎ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ደም ይጠራቀምና አንገቱ አብጦ ትንፋሽ ያፍናል። ‘ቶሎ ከደረስንበት ችግር የለውም፤ እናትሽ መጮህ ስለማትችል ትንሽ እንኳን ጨነቅ ካላት ደወሉን ትጫን’ አለኝ። ደወሉን ትጫን ያለው የእኛን ደወል ነው። ያን የሞተውን።

ቢሮ ተመልሼ ለአለቃችን ለገብረእዝጊ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ‘ሰኞ እናየዋለን፤ እስከዚያ አልጋ መቀያየር ክልክል ነው የሚል ወረቀት ይለጥፉ’ አለ። እንባዬ እየመጣ ሳቅኩ። ‘እናቴን አታውቃትም’ አልኩት። ‘ደግሞስ የማን እናት ናት አልጋዋ ላይ ዝም ብላ የምትተኛው? አንዷ በረደኝ ትላለች፣ አንዷ የአገሯን ልጅ አግኝታ ካልተጠጋኋት ትላለች፣ አንዷ ባልቴት ታማ አይታ ቦታዋን ትለቅላታለች። ይኼን ፕሮግራም ስንሠራ እኮ ታማሚው የተኛበት ይውላል ብለን ነው የሠራነው፤ እኛ የዚህ አገር ሰዎች አይደለንም እንዴ?’ አልኩት። ‘እሺ፣ ግን በደንብ ሳይፈተን እዚያ አይገባም’ አለኝ። ከዚያ በኋላ ራሱም ጃኬቱን አውልቆ አብሮን ተቀመጠ።

የደወሉን ክፍል የጻፈው ሥራ ባልደረባዬ አሌክስ ነው። አሌክስ የሃያ ሁለት ልጅ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም፤ የዚያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ‘ሮዲ፣ እናትሽ እዚያ ናት?’ ካለኝ በኋላ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ችግሩ የት እንዳለ ቶሎ አገኘው። ካርድ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ቁልፍ ነካ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ድርግም ይላል። ከዚያ ‘አድራሻው ባዶ ከሆነ ተመለስ የሚል ልጨምርበት’ አለ። ጨመረ። አሁንም ድርግም አለ። ሰው ሲቸኩል ይረሳዋል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቤት ሲፈርስ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ አድራሻ ራሱን አይሰርዝም። መልእክተኛው ኪሱን ቢዳብስ አድራሻው እንደተጻፈ አለ። ባዶ የሆነው ቤቱ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ‘እንግዲያው መልእክተኛው ካርዱን ራሱን ጥብቅ አድርጎ ይያዘው’ አለ። መያዝ ይቻላል አባዬ፣ ለዚህ የሚሆን ብልሃት አለን፤ የያዘው ሰው እስካለ ድረስ የተያዘው አይሞትም። ሞከርነው። ድርግም ማለቱ ቀረ፣ እልል ልንል ስንል ስክሪኑ ላይ ሁለት ወይዘሮ ገንዘቤ፣ ሁለት እማዬ አየን። አንዷ በሩ አጠገብ፣ አንዷ መስኮቱ ሥር። ካርዱን ብንዘጋውም መልእክተኛው አልለቅም ስላለው አልሞተም፤ ቁልፉ ሲነካ የድሮዋም የአሁኗም አብረው ይጮኻሉ። ባለወፍጮው ሻሸመኔ እንዳይሄድ እርስዎ እግሩን ይዘው መሬት ላይ እንደመተኛት ይቁጠሩት። ነርሷ የትኛዋ ጋ ትሂድ? አንገቷ ያበጠ ሴት ደግሞ ነርሷ አማርጣ እስክትመጣ አትጠብቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፣ እንዲያውም ፕሮግራም የምንጽፍበት ዕቃ መመሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚለው ነው። መልእክተኛውን ቁልፉ ዘንድ ስናስቀምጠው አድራሻ ብቻ አስይዘን ከመተው፣ ‘ይኼ ልጅ የዚህ ካርድ ነው’ ብለን ባለቤቱን እናስመዘግባለን። ካርዱ ሲሞት ጥሪውም አብሮ ይቆረጣል፤ ቁልፉ ቢነካም ወደ ሞተ ካርድ የሚሮጥ የለም። እድርተኛው ሲለቅ ስሙ ከጡሩምባ ነፊው ጥሪ እዚያው እንደሚወጣ ማለት ነው። አሌክስ ይኼን ያልጻፈው ስለማያውቅ አይደለም። ሲጽፈው ካርድ የሚዘጋው ታማሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻ ነው፣ ሰው የሌለበትን አልጋ ደግሞ ማን ይደውልበታል ብሎ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው እጽፈው ነበር።

ሌላ ደግሞ ነበረ። ነርሷ ካልመጣች ወደ ሐኪሙ ስልክ የሚሮጥና መልስ ይዞ የሚመለስ ሁለተኛ መልእክተኛ አለ። ይኼኛው መንገድ ላይ ይቆያል፤ ሲመለስ የላከው ካርድ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቅም። ለእሱ ላላ ያለ መያዣ ሰጠነው። ካርዱን አያሰነብትም፣ ሲደርስ ግን መኖሩን ያስጠይቀዋል። እርስዎ ከውሻው በኋላ የጀመሩትን ልማድ አስተማርነው ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ‘ቤቶች!’ ይላል። መልስ ካገኘ የሰውየውን እጅ ይይዛል፣ መልእክቱን ተናግሮ እስኪጨርስም አይለቀውም፤ በወሬው መሀል እንዳይሞትበት። መልስ ካላገኘ ዝም ብሎ ይመለሳል። ማንም አይነክሰውም።

ረቡዕን ስንፈትነው ዋልን። ካርድ ከፈትን፣ ዘጋን፣ አቀያየርን፣ ቁልፉን ይዘን እያለ ዘጋን፤ ገብረእዝጊ ራሱ እንደ ክፉ ታማሚ ሆኖ ሁሉንም ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ። አልሞተም። ቀኑ ሳይመሽ ሆስፒታሉ ሄጄ ጫንኩላቸውና የእማዬን ቁልፍ ደጋግሜ አስጮህኩት። እማዬ ‘የሰው ራስ አታዙሪ፣ እዚህ የታመመ ሰው አለ’ ብላ ተቆጣችኝ። ግድግዳው ላይ ያ ‘አልጋ መቀያየር ክልክል ነው’ የሚለው ወረቀት ተለጥፏል። አላስነሳሁትም። ይኑር፣ ምን ይጎዳል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ገባች። እርስዎም በዚያ ሰዓት ከጸሎት ቤቱ ሽማግሎች ጋር ተንበርክከው እንደነበረ እዝራ ነግሮኛል፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ብሆንም አብሬያችሁ ነበርኩ። በሰላም ጨርሳ ወጣች። ከኋላ ከኋላ ሄጄ ክፍሉ ስደርስ እማዬን የሚያስተኟት መስኮቱ ሥር ነው። ወይዘሮ ሀጀርን ብፈልግ በሩ አጠገብ፣ የድሮ ቦታቸው፣ ጓዛቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ‘ሐኪሙ አየር ያስፈልጋታል ሲል ሰማሁ’ አሉኝ። ወረቀቱን በጣቴ ሳሳያቸው ቀና ብለው አዩትና ‘እሱ ለጎረምሶች ነው’ አሉ። ሲስተር ማኅደርን ዞር ብዬ ባያት ትከሻዋን ሰበቀች። ሁለቱንም ካርድ ዘግታ በአዲሱ ቦታ ከፍታቸዋለች። ማክሰኞ ዕለት ፕሮግራሙን የገደለው ነገር እንዳለ ተደገመ ማለት ነው። ደወሉን ልሞክረው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እማዬ ተኝታለች፣ ልቀሰቅሳት አልፈለግሁም። ‘ፈትነነዋል፣ ፈትነነዋል’ እያልኩ ራሴን እያጽናናሁ የታዘዘላትን መድኃኒት ልገዛ ወረድኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ወይዘሮ ሀጀር ናቸው። እማዬ ነቃች። ነቅታ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፣ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ዓይኗ ብቻ ይንከራተታል። ወይዘሮ ሀጀር ሊነሱ ቢሞክሩ ስፌታቸው ያዛቸው፣ ሳናም ትምህርት ቤት ሄዳለች። ‘ቁልፉን፣ ቁልፉን’ አሏት። እማዬ ተጫነች። በነርሷ ጠረጴዛ ላይ የአልጋው ቁጥር፣ ከሥሩ ወይዘሮ ገንዘቤ የሚል ስም ብልጭ አለ፤ አንዲት ወይዘሮ ገንዘቤ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው። ሲስተር ማኅደር ስትገባ የእማዬ አንገት እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ጮኻ ሐኪሙን ጠራችው። እሱም እዚያው አልጋዋ ላይ ስፌቱን ፈቶ የታጎረውን ደም አወጣላትና የሚደማውን ሥር ሊቋጥር ይዘዋት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሮጡ። ሁለተኛ ገባች የተባለው ይኼ ነው አባዬ። ልትሞት አይደለም የገባችው፤ ተደርሶላት ነው።

እኔ ግን ይኼን ሁሉ አላወቅሁም። መድኃኒቱን ይዤ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ላይ ደም አለ። እዚያች ቦታ ላይ ምን እንደሆንኩ ልጽፍልዎ አልችልም። ወይዘሮ ሀጀር ከአልጋቸው ዘንበል ብለው እጄን ያዙኝ። ‘ደወለች፤ መጡ’ አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ደግመው ‘ደወለች፤ መጡ’ አሉኝ፣ እኔም ሰውነቴ ተመለሰ። ከዚያ እሳቸው በእሳቸው መንገድ፣ እኔ በእኔ መንገድ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ፈጣሪን ስንለምን ቆየን። ሐኪሙ ጭምብሉን አውልቆ መጣና ‘ደህና ናት፤ ጥሪው ቢዘገይ ኖሮ ግን አናገኛትም ነበር’ አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እፎይ ማለት እንዲህ እንባ እንዳለው አላውቅም ነበር።

አሌክስ ጋ ደወልኩለት። ‘ካርዱ ተቀያይሮ ነበር?’ አለኝ። አዎ አልኩት። ‘እና ሠራ?’ አለኝ። ሠራ አልኩት። ‘ወጣ ብዬ ልምጣ’ ብሎ ዘጋው። በማግስቱ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ እማዬን ሊጠይቅ መጣ፤ እግሯ ሥር ቆሞ አንገቱን ደፋ። እሷ ማን እንደሆነ ስትሰማ በእጇ ጠቅሳ አስጠግታ ግንባሩን ሳመችው። ያቺ ወረቀትም ወርዳለች፤ ገብረእዝጊ ራሱ ነው ሄዶ የነቀላት። እማዬ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ደግሞ አንዴ ያለ ጉዳይ ደወለች። ሲስተር ማኅደር እየበረረች ስትመጣ ‘ደህና ነኝ ልጄ፣ ይሠራ እንደሆን ብዬ ነው’ አለቻት በሹክሹክታ። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

እንግዲህ አባዬ፣ የተደበቀ ነገር ቢኖር ይኼን ያህል አልጽፍልዎም ነበር። እባክዎን እህል ይቅመሱ። የእማዬ ቁስል ጠግጎ ሐኪሙ ሲያሰናብታት ራሴ ይዣት እወርዳለሁ። እስከዚያ ‘ልጅህ ቦሌ ምን ትሠራለች?’ ያለ ሰው ሲያገኙ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች ማለት ይቅርልኝ። ጡሩምባ ነፊ ሆናለች ይበሉት። የአባቷን ሥራ ወሰደች፣ ግን ውሻ እንዳይነክሳት መጀመሪያ ቤቶች ትላለች ይበሉት። ቁርጭምጭሚትዎንም ያሳዩት፣ ይገባዋል።

እዝራን ይሳሙልኝ፤ ከብቱንም አባቱንም ብቻውን ይዞ መክረሙን አውቃለሁ። ባለቤቱን የሺአረግን፣ ሾርባውን እየሠራች ‘አልፈልግም’ እየተባለች የምትመልሰውን፣ አይዞሽ ይበሉልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይጠጡላታል። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። የጸሎት ቤቱን ሽማግሎች፣ አብረዎት የተንበረከኩትን ሁሉ፣ ተሰምቷል ይበሏቸው። ወይዘሮ ሀጀርም ሰላም ብለዎታል። አላዩዎትም፣ አያውቁዎትም፣ ግን ‘ለባልሽ ሰላም በዪልኝ’ ሲሉ እማዬን ሲሰናበቱ ሰምቻለሁ።

ልጨርስ ስል እማዬ ጽሑፉን ልየው ብላ ጠጋ አለች። የውሻውን ታሪክ አስነብቤያት ያለ ድምፅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ‘እሱ አይሰማ፣ እኔ አልናገር፤ እንግዲህ በምን ልንጣላ ነው?’ አለችኝ። ይኼንን ጻፊ አለችኝ፣ ጻፍኩ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ፊቷ ተለወጠና እጄን ያዘችኝ። እህል አልቀምስ ማለትዎን እስከዚያ ድረስ አልነገርኳትም ነበር፤ ከዚሁ ወረቀት ነው ያነበበችው። ‘እንዲህ በዪው’ አለችኝ። ‘ድምፄ ሲመለስ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቤቶች እላለሁ። እህሉን ይብላና ቤት ይገኝ።’

ልጅዎ ሮዳስ ላጲሶ

አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.